ማደሪያ ፍለጋ በስድስት ኪሎ

ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ማኅደር ከሆነ ወዲህ የስድስት ኪሎ ነዋሪ ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ የደቀ መዛሙርት ጎረቤት ሆኖ ቀርቷል፤ በግቢው አልጋ ያልደረሰው ተማሪና ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው ወጣት መምህር ግን፣ ወርኀ መስከረም በጠባ ቁጥር፣ ከአፍንጮ በር እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ደላላ እየተከተለ ሲኳትን ይውላል። በደላላው እንኳ ብዙ አልፈርድም፤ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ ተከራይ ነውና።

የሚታየው ቤት ከዋናው ቤት ጀርባ የተለጠፈ ሰርቪስ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ፣ ቆጣሪው የጋራ። እመቤቲቱም በሩን ከፍተው ሳይጨርሱ፣ «ልጄ፣ ብቻህን ነህ? እንግዳ ታበዛለህ? መብራትስ እስከ ስንት ሰዓት ታበራለህ?» ብለው ይመረምሩታል፤ ሌሊቱን በንባብ ሊያነጋ ያሰበ ሰው ለዚህ ምን ይመልስ?

እርግጥ ነው፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ዐዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ ነገር ግን ውሉ በጽሑፍ ይሁን ብሎ በትሕትና የጠየቀ ተከራይ ወዲያው ክፍሉ «ተይዟል» ሲባል ይሰማልና፣ ብዙዎች ዝምታን ይመርጣሉ። ሁለትም ሦስትም ሆነው ከሽሮ ሜዳ ወዲያ ወደ እንጦጦ ግርጌ የወጡት፣ የታክሲው ወረፋ ቢያንገላታቸውም፣ ከኪራይ የተረፋቸውን ለፎቶ ኮፒ ያውሉታል።