ብላክ ስከርት ቴትራ፦ ጠንካራው የቤት ውስጥ ዓሣ
ቤታችሁ በመስታወት ገንዳ ዓሣ ለማኖር ካሰባችሁ፣ ብላክ ስከርት ቴትራ ለጀማሪ ይመቻል። ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ፣ የፓራጓይ ወንዝ ተፋሰስ ነው። ከ20 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውሃ ይስማማዋል።

ጠንካራ ቢሆንም ብቸኝነት አይሆንለትም። ቢያንስ 6 ሆነው ካልኖሩ ይደነብራሉ፤ የሌሎችን ዓሦች ረጃጅም ክንፍ መንከስም ይጀምራሉ። ለመንጋው 80 ሊትር ገደማ የሚይዝ ገንዳ አዘጋጁ።

ዓሦቹ ከመግባታቸው በፊት፣ ጥቂት የዓሣ ምግብ እየጨመራችሁ የገንዳውን የውሃ ማጣሪያ ለሳምንታት አሠሩት። ከምግቡና ከዓሦቹ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ደረጃ በደረጃ ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ጊዜ ይፈልጋሉ። ከዚያ በየሳምንቱ ሩብ ያህሉን ውሃ ቀይሩ፤ የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑን አስቀድማችሁ አስወግዱ። ምግብም በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ስጧቸው።