አዳኝ ጉንዳኖችና የገበሬው ማሳ



በሻሸመኔ አካባቢ ዝናብ ጥሎ ሲያባራ ገብረ ጉንዳን ተሰልፎ መንገድ ሲያቋርጥ ይታያል። ንብ አርቢው ቀፎው እንዳይደፈር ይሠጋል፤ ዶሮ የምታረባ የቤት እመቤትም ለጫጩቶቿ ትጨነቃለች። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ ይኸው የሚፈራ ፍጥረትና መሰሎቹ በማሳ ውስጥ የሚሠሩት ሥራ ብዙ ጊዜ ልብ አይባልም።

የገብረ ጉንዳን ሠራተኛ ዓይን የለውም። የሚመራው በሽታና በመዳሰስ ነው። ፊተኛው ከሰውነቱ የሚያመነጨውን ሽታ በመሬት ላይ እየተወ ይሄዳል፤ ኋለኛው በራሱ ላይ ባሉት መዳሰሻዎች እያሸተተ ይከተለዋል። አንዱ መንጋ ሚሊዮኖችን ሊይዝ ስለሚችል ማየት የተሳነው ይህ ሠራዊት ምድሩን እንደ መረብ ያስሳል። ፈጥኖ ያልሸሸ ትል፣ ፌንጣ ወይም ሸረሪት ተይዞ በመንጋጋ ይቆራረጣል፤ ሥጋውም ወደ ጎሬው ይጋዛል።

ሌላው ስልት በቃኚ የሚመራው ነው። ከሰሃራ በስተ ደቡብ የሚኖረውና በሳይንስ ስሙ መጋፖኔራ አናሊስ የሚባለው ጉንዳን ምግቡ ምስጥ ነው። አንድ ቃኚ ምስጥ የተሰማራበትን ስፍራ ሲያገኝ ወደ ጎሬው ተመልሶ በመቶ የሚቆጠሩ ባልንጀሮቹን እየመራ ይዘምታል። ትልልቆቹ የምስጡን የአፈር ሽፋን ይሰብራሉ፤ ትንንሾቹ ገብተው እየጎተቱ ያወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ከኮትዲቯር የተገኘ ጥናት እንዳመለከተው፣ በውጊያው የቆሰሉት በባልንጀሮቻቸው ተሸክመው ወደ ጎሬ ይመለሳሉ።

በማሳ የሚገኙት ትንንሽ ጉንዳኖችም ያድናሉ። አንዱ ብቻውን ሊሸከመው የማይችለውን ትል ሲያገኝ የሽታ ምልክት ትቶ ሌሎችን ይጠራል።

መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ከገባ ጀምሮ በቆሎ አምራቹ ትሉን በእጁ ከመልቀም አንሥቶ መድኃኒት እስከ መርጨት ደርሷል። ብዙው የነፍሳት መርዝ ግን ወዳጅን ከጠላት አይለይም፤ ትሉን ሲገድል አዳኙንም ይገድላል። በአንጻሩ ተምቹ በኖረበት በማዕከላዊ አሜሪካ፣ በሆንዱራስ፣ ተመራማሪዎች በበቆሎ ላይ የስኳር ውሃ ረጭተው ጉንዳንና ሌሎች ጠቃሚ ነፍሳትን በመሳብ የትሉ ጉዳት እንደ ቀነሰ አይተዋል።

ይህ ማለት ጉንዳን ብቻውን ማሳን ያድናል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ጉንዳን እንዲያውም ለጣፋጭ ፈሳሹ ሲል ክሽክሽን ከጠላቶቹ ይጠብቃል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ለይቶ ማወቅ ነው።

ንብ አርቢው በቀፎው መቆሚያ ሥር አመድ ሲነሰንስ ጉንዳኑን ከቀፎው ያርቀዋል እንጂ ከአገሩ አያጠፋውም። ማራቅና ማጥፋት እንደሚለያዩ ገበሬው በሥራው አሳይቷል። የሰብል ጥበቃ ባለሙያም መድኃኒት እንዲረጭ ከማዘዙ በፊት ወደ ማሳው ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በቅጠሉ ሥር ማን ማንን እያደነ እንደሆነ የመመልከት ግዴታ አለበት።