የሚናገርለት ያጣ ብልህ ልጅ

(በየቲም ልጆች ደጋፊዎችና አሳዳጊ ቤተሰቦች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

 



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች እንዴት እንደሚመረጡ የሚመለከት ነው። ርእሱ ከየቲሞች ጉዳይ የራቀ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ከእናንተ መካከል ብዙዎች «የምረዳው ልጅ ጎበዝ ቢሆንልኝ» ስትሉ እንሰማለን። ምኞቱ መልካም ነው። ነገር ግን ጎበዙን የሚለየው ማን ነው? በምንስ ዓይን አይቶ?

አስቀድመን የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ በጎ አድራጊ በምናስተምርበት ትምህርት ቤት ለሚገኙ አምስት ብልህ ልጆች የማጠናከሪያ ትምህርትና የመጻሕፍት ወጪ ሊሸፍን ቃል ገባ። ስማቸውን መርጠን እንድናቀርብ የተጠየቅነው እኛ ነበርን። ዝርዝሩን በአንድ ምሽት ጻፍነው። እጃቸውን ቶሎ የሚያወጡትን፣ ደብተራቸው የጸዳውን፣ ወላጆቻቸው እየመጡ ስለ ትምህርታቸው የሚጠይቁንን መረጥን። ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ ከአያቱ ጋር የሚኖር፣ ከትምህርት በኋላ ቆሎ የሚሸጥ አንድ የቲም ግን በሐሳባችን እንኳ አልመጣም።

ከሳምንታት በኋላ ያንኑ ልጅ በዕረፍት ሰዓት ከዛፍ ሥር አገኘነው። እኛ ሦስት ቀን አስተምረን ያልገባቸውን የክፍልፋይ ሒሳብ ጠጠር እየደረደረ ለጓደኞቹ ያስረዳ ነበር። ዝርዝሩ ግን ተዘግቷል። በተከታዩ ዓመት አያቱ ሞቱና ዘመድ ወደ ሩቅ አገር ወሰደው፤ ከዚያ ወዲህ አላየነውም። ያ ልጅ በእጃችን የነበረ አማና ነበር።

እንዲህ ያለው ስሕተት የአንድ መምህር ቸልተኝነት ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ በሚገባ የተጠና ምሳሌ አለ። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት በምትገኘው የብሮዋርድ አውራጃ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2005 ድረስ አንድ ሕፃን ለተሰጥኦ መርሐ ግብር የሚታጨው በአብዛኛው መምህሩ ወይም ወላጁ ሲጠቁሙት ነበር። የተጠቆመው ልጅ በሥነ ልቦና ባለሙያ ፊት የአእምሮ ችሎታ ፈተና ይወስዳል። ገንዘብ ያላቸው ወላጆች ደግሞ በግላቸው ከፍለው ያስፈትኑ ነበር። በአውራጃው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተማሪዎች ጥቁሮችና ሂስፓኒኮች ሆነው ሳለ፣ ተሰጥኦ አላቸው ከተባሉት የሦስተኛ ክፍል ልጆች መካከል የእነርሱ ድርሻ 28 በመቶ ብቻ ነበር። ለድሆችና እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች ዝቅ ያለ የመግቢያ ነጥብ ቀድሞውኑ ተፈቅዶላቸው ነበር። በሩ ሰፍቶላቸዋል፤ እጃቸውን ይዞ ወደ በሩ የሚያደርሳቸው ግን አልነበረም።

በ2005 አሠራሩ ተለወጠ። ጥቆማ ሳይጠበቅ የሁለተኛ ክፍል ልጆች ሁሉ በንግግር ሳይሆን በቅርጾችና በሥዕሎች ላይ የተመሠረተ አጭር ፈተና እንዲወስዱ ተደረገ፤ ከፍ ያለ ነጥብ ያገኙት ወደ ዋናው ፈተና አለፉ። የመግቢያው መለኪያ አልተቀነሰም። ሆኖም ከሂስፓኒክ ልጆች የሚመረጡት ከ2 ወደ 6 በመቶ፣ ከጥቁር ልጆች የሚመረጡት ከ1 ወደ 3 በመቶ ከፍ አሉ። ጉዳዩን ያጠኑት ዴቪድ ካርድ እና ሎራ ጁሊያኖ የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁራን ሲሆኑ፣ ጥናታቸው በ2016 ታትሟል። በኋላ በጀት አጥሮ ሁሉንም መፈተኑ ሲቋረጥ የቀድሞው ልዩነት ተመልሶ መጣ። ልጆቹ ያው ነበሩ፤ የተለወጠው የሚፈልጋቸው ዓይን ነው።

ይሁንና ፈተናም የመጨረሻ ዳኛ አይደለም። ሉዊስ ተርማን የተባለው ምሁር በ1921 በካሊፎርኒያ ብልህ ልጆችን በመምህራን ጥቆማና በፈተና መምረጥ ጀምሮ ነበር። ተፈትነው ነጥብ ካልሞላላቸው መካከል ዊሊያም ሾክሊ እና ሉዊስ አልቫሬዝ ይገኙበታል። እነዚህ ሁለቱ አድገው በ1956 እና በ1968 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተሸላሚዎች ሆኑ። ስለዚህ ዛሬ ያልተመረጠ ልጅ ነገም እንዲታይ በሩ ክፍት መሆን አለበት።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። በ150 ዓመተ ሂጅራ የተወለዱት ኢማም አሽ-ሻፊዒይ (ረሒመሁላህ) አባታቸውን ያጡት በሕፃንነታቸው ነው። እናታቸው ለመምህሩ የሚከፍሉት ገንዘብ አልነበራቸውም። እንደሚተረከው መምህሩ በማይኖርበት ጊዜ ሕፃኑ ሌሎቹን ልጆች ያስጠና ስለነበር፣ መምህሩ ይህንኑ በክፍያ ፈንታ ተቀበለው። ያ መምህር ልብ ብሎ ባያይ ኖሮ ስንት ዕውቀት በቀረብን ነበር!

እንግዲህ ሦስት ነገሮችን በአደራ እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ማኅበራችን ለማጠናከሪያ ትምህርት ልጆችን ሲመርጥ ጥቆማ ብቻ አይጠብቅ። በመዝገባችን ያሉት የቲሞች ሁሉ በየዓመቱ፣ በሚገባቸው ቋንቋ ይፈተኑ።

ሁለተኛ፣ እናንተ አሳዳጊዎች ወደ ትምህርት ቤት ሂዱ። ማንበብ ባትችሉም «ልጄ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ትችላላችሁ። ለመሄድ አቅም ላነሳቸው አያቶች ደግሞ ከረጂዎች አንዱ አብሯቸው ይሂድ። ገንዘብ መስጠት ሰደቃ እንደሆነ ሁሉ፣ ለየቲም ቆሞ መናገርም ሰደቃ ነው።

ሦስተኛ፣ ምርጫው ለተጨማሪ ትምህርት ብቻ ይሁን። ምግቡ፣ ልብሱና መጠለያው በብልህነት የሚለካ አይደለም። በትምህርቱ ደከም ያለውም ልጅ ያው የቲም ነው፤ ሐቁም ያው ነው።

እኛ ያን ልጅ ዛሬ ብንፈልገው አናገኘውም። በየወሩ በምትሰጡት ገንዘብ ከሚያድጉት መካከል ግን እርሱን የመሰለ በዝምታ የተቀመጠ ልጅ ሊኖር ይችላል። እርሱን ፈልገን እንድናገኘው አላህ ይርዳን፤ ያጠፋነውንም ይማረን። አሚን።