የማይታየውን ስለ መለካት



አንድ የሂሳብ ሹም መዝገቡን ሲመረምር ወጪው ከገቢው በልጦ ቢያገኝ፥ ያልተመዘገበ ገቢ መኖሩን ተረድቶ ይፈልጋል። የሰማይ ሊቃውንትንም እንደዚሁ ያለ ነገር ገጥሟቸዋል።

እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1933 ዓ.ም. ስዊሳዊው ፍሪትዝ ዝዊኪ ኮማ የሚባለውን የጋላክሲዎች ስብስብ መረመረ። ጋላክሲ ማለት እንደ ፍኖተ ሐሊብ ያለ ታላቅ የከዋክብት ማኅበር ነው። የጋላክሲዎቹ ፍጥነት እጅግ ብርቱ ስለ ነበረ፥ የሚታየው ቁስ ስበት ብቻውን ቢሆን ኖሮ ስብስቡ በተበተነ ነበር። ስለዚህ ዝዊኪ ብርሃን የማይሰጥ ስውር ቁስ መኖር አለበት ብሎ ጻፈ። በጊዜው ነገሩን ከቁም ነገር የቆጠሩት ጥቂቶች ነበሩ። ነገር ግን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፥ በ1970 ዓ.ም. አሜሪካዊቱ ቬራ ሩቢን ከኬንት ፎርድ ጋር ሆና አንድሮሜዳ የተባለውን ጋላክሲ ብትመረምር፥ በዳር ያሉት ክፍሎች ይዘገያሉ ሲባል ፈጥነው ሲዞሩ አገኘቻቸው።

ታዲያ የማይታይ ነገር ካርታ እንዴት ይነሣል? ብርሃን በከባድ አካል አጠገብ ሲያልፍ መንገዱ ይጎብጣል። ይህም አልበርት አይንስታይን አስቀድሞ ያሰላው ሲሆን፥ በ1919 ዓ.ም. በፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ ታይቷል። እንግዲህ በወፍራም ጠርሙስ አሻግረን የምናየው ጽሕፈት እንደሚጣመም፥ ከስውሩ ቁስ ማዶ ያሉት ጋላክሲዎችም መልካቸው በጥቂቱ ተጣምሞ ይታየናል። የብዙዎቹ መጣመም በአንድነት ሲሰላ፥ ስውሩ ቁስ የበዛበትና የሳሳበት ስፍራ ይታወቃል። ሪቻርድ ማሴና ባልደረቦቹ ሀብል በተባለው የጠፈር መነጽር የተነሡትን ሥዕሎች መርምረው፥ ስፋትና ጥልቀት ያለውን ካርታ በ2007 ዓ.ም. አወጡ። በ2023 ዓ.ም. ወደ ጠፈር የተላከችው የኤውሮፓ መንኰራኵር ዩክሊድም ይህንኑ ሥራ በሰፊው እንድታከናውን የተዘጋጀች ናት።

ጋላክሲዎች እንደ ተበተነ እህል በየስፍራው በዘፈቀደ አልተዘሩም። ስውሩ ቁስ እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቷል፤ ጋላክሲዎች በክሩና በቋጠሮው ላይ ተሰብስበዋል፤ በመካከሉም ባዶ ሊባል የሚችል ሰፊ ምድረ በዳ አለ።

በዛሬው ስሌት እኛ የምናውቀው ቁስ ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነው። ስውሩ ቁስ 27፥ ስውሩ ኃይል ደግሞ 68 ያህል ይሆናል። ስውሩ ቁስ ከምን እንደ ተሠራ ግን እስከ ዛሬ ማንም አላረጋገጠም፤ ስሕተቱ በስበት ሕግ ነው የሚሉም ሊቃውንት አሉ።

ክቡራን ሆይ፤ መዝገብ የምትይዙ ሁሉ ይህን አስተውሉ። ዝዊኪ ያልገጠመውን ሂሳብ እንዲገጥም አድርጎ ቢሰርዘው ኖሮ ማንም ባልጠየቀው ነበር። እርሱ ግን ልዩነቱን እንዳለ ጽፎ አቆየው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡትም ፍለጋቸውን ከዚያ ጀመሩ።