ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ፤ ወንዱም ሴቷም ቤት ሲገቡ
(በዕድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በድሬሰርነት ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ዳኛችን ስለ ጤና ጥቂት ተናገር ብለውኝ ነው የቆምኩት።

የልብ ቀዶ ሕክምና ድሮ ባሕር ማዶ የሚኬድበት ነገር ነበር። እነዶክተር በላይ አበጋዝ የደከሙለት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ሲከፈት ግን፣ ከአዳማ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ላይ ተገኘ።

በፈረንጅ አገር ይህን ሕክምና በብዛት የሚያገኙት የልብ ደም ሥራቸው የጠበበ አዛውንቶች ናቸው። እኛ ዘንድ ብዙውን ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው ልጅ ሳሉ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው፤ ቆይቶ የልብን በር፣ ማለት ቫልቩን፣ ያበላሻል። ሴቶች ይበዙበታል፤ ያውም ገና ወልደው ያልጨረሱ።

ደረት ተከፍቶ ሲሠራ የፍርምባው አጥንት በሽቦ ይታሰራል። እስኪጠገን ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ አንዳንዴም እስከ 12 ይፈጃል። እስከዚያ ከ5 ኪሎ በላይ አታንሱ ይባላል። አጥንቱ ወንድ ሴት አይልም፤ ቤት ሲገቡ ነው የሚለያየው።

ሁለት ጎረቤቶቼን አይቻለሁ። ወንድየው ሲመለስ አልጋ ተነጥፎ፣ ሾርባ ተሠርቶ ጠበቀው። የሱ ጣጣ አርፎ አለመቀመጥ ነው፤ በወሩ “ድኛለሁ” ብሎ ከጋሪ ላይ ጆንያ ሊያወርድ ሲል ሚስቱ ናት ያስቀረችው። ሴትዮዋን ግን በ3ኛው ሳምንት ምጣድ ዳር አገኘኋት። 20 ሊትር ጄሪካንም ከቦኖ ታመጣለች። “ምነው እኅቴ?” ብላት፣ “ታዲያ ማን ይጋግርልኝ ጋሼ?” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ቁስሏም ቆይቶ ነው የደረቀው። የጡት ክብደት ስፌቱን ስለሚስበው ጥሩ አድርጎ የሚደግፍ ጡት መያዣ እንደሚያስፈልጋት የነገራት ሰው አልነበረም። ሆድ መባሱና መተከዙም ከወንዶች ይልቅ በሴቶች እንደሚበረታ በውጭ አገር የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ።

ቫልቩ በብረት የተተካለት ሰው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን ይወስዳል፤ ደሙም በየጊዜው ይታያል። ለሴት ሌላ ጭንቅ አለበት፤ መድኃኒቱ ፅንስ ይጎዳል፣ ቢቋረጥ ደግሞ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል። ስለዚህ ሐኪም ማማከር ከማርገዝ በፊት ነው፤ በራስ ፈቃድ ማቆም የለም። ባሎች፣ ይህን ስሙ። “መቼ ትወልጃለሽ?” የምትሉም አማቶች ታገሡ።

እንግዲህ ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፣ ሴቶቻችን እንጀራ ተሸክመው ይመጣሉ። ያንኑ እንጀራ ሕመምተኛዋ በሕይወት ሳለች ለ2 ወር በተራ ብናደርስላትስ? ውሃውን ወንዶች እንቅዳ። ሐሳቡን ለኮሚቴው አቅርቤአለሁ፤ ዛሬ ድምፅ ይሰጥበት። የመጀመሪያውን ሳምንት ውሃ እኔ እቀዳለሁ።