ገዥ ከመምጣቱ በፊት ቤትን ስለ ማሰናዳት

(በደብረ ታቦር ለሒሳብ ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር)



ድርጅት መሸጥና መግዛት በሀገራችን እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። የፕራይቬታይዜሽን ኤጀንሲ በ1986 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ብዙ የመንግሥት ፋብሪካዎች ወደ ግል ባለሀብት ተላልፈዋል። በ2003 ዓ.ም. የበደሌና የሐረር ቢራ ፋብሪካዎች በድምሩ በ163 ሚሊዮን ዶላር ለሄኒከን ተሸጡ። በ2004 ዓ.ም. ሜታ አቦ በ225 ሚሊዮን ዶላር ለዲያጂዮ ተላለፈ። ዲያጂዮም በ2014 ዓ.ም. በተራው ሻጭ ሆኖ ያንኑ ፋብሪካ ለካስቴል ቡድን አስረከበ። የትናንት ገዥ የዛሬ ሻጭ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

እንዲህ ያለ ገዥ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሒሳብ አዋቂና ሕግ አዋቂ አስከትሎ ይመጣል፤ መዝገብ ያገላብጣል፤ ውል ያነብባል፤ ዕቃ ያስቆጥራል። ጉዳዩ ግን የታላላቅ ፋብሪካዎች ብቻ አይደለም። በወረታ የፎገራን ሩዝ የሚፈለፍሉትን፣ በደብረ ታቦር ሆቴልና ዱቄት ቤት ያቆሙትን እናስብ። ከእነዚህ አያሌዎቹ በአንድ ሰው ድካም የተሠሩ ናቸው። ባለቤቱ ሲያረጅና ልጆቹ ኑሯቸውን በሌላ ሀገር ሲያደርጉ የሽያጭ ነገር መነሣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ቀብድ የወሰደው ገበሬ፣ በዱቤ የጫነው ነጋዴ፣ በወንድም ስም የተገዛው አይሱዙ፣ ሁሉም በባለቤቱ ራስ ውስጥ ብቻ ተመዝግቦ ይገኛል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው እዚህ ላይ ነው። ገዥ የሚከፍለው በማስረጃ ለሚታየው እንጂ በሻጭ ልብ ለተቀመጠው አይደለምና።

ስለዚህ አስቀድሞ የሚጣራው የባለቤትነት ነገር ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ አይሸጥም፤ የሚተላለፈው በላዩ የተሠራው ሕንፃና የመጠቀም መብቱ ነው። ካርታው በማን ስም ነው? የሊዙ ክፍያ ተጠናቋል? ሕንፃው በባንክ መያዣነት ተይዟል? የትዳር ጓደኛ ፈቃድስ አለ? የተሽከርካሪው ሊብሬ በሌላ ሰው ስም ከሆነ ስሙን የማዛወሩ ሥራ ገዥ ሳይመጣ ያልቅ።

ሁለተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የሒሳቡ ጉዳይ ነው። አንድ ነጋዴ ለግብር ሰብሳቢው የሚያሳየውና ለራሱ የሚይዘው መዝገብ ከተለያየ፣ በሽያጭ ቀን በገዛ እጁ ታስሮ ይገኛል። ለብዙ ዓመት ትርፌ ትንሽ ነው ሲል ኖሮ፣ ለገዥ ትርፌ ብዙ ነው ቢል ማን ያምነዋል? እውነተኛውን መዝገብ አውጥቶ ቢያሳይ ደግሞ ያልተከፈለ ግብርና መቀጫ መኖሩን በራሱ ላይ መሰከረ። ገዥውም ያን ዕዳ ከዋጋው ይቀንሳል፤ ወይም ትቶ ይሄዳል። ከግብር የተረፈ መስሎት የነበረው ገንዘብ የዕድሜውን ሥራ ዋጋ ይዞበት ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ሦስተኛ መዝገብ እንድናዘጋጅ የሚለምነን ደንበኛ አይጠፋም። የእኛ ግዴታ እምቢ ማለት ነው። ይልቁንስ ከግብር መሥሪያ ቤቱ ጋር ሒሳቡን እንዲያስተካክል፣ ከዚያም ቢያንስ የሦስት ዓመት ሒሳቡን በውጭ ኦዲተር እንዲያስመረምር እንምከረው። መድኃኒቱ መራራ ነው፤ ሌላ ግን የለም።

ሦስተኛው የሠራተኛው ጉዳይ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ በ2003 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ እንዲያዋጡ ሆኗል። ያልገባ መዋጮ ውሎ ሲያድር ትልቅ ዕዳ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረትም የድርጅት ባለቤትነት መተላለፉ የሥራ ውልን አያቋርጥም። ስለዚህ ገዥው የእያንዳንዱን ሠራተኛ የሥራ ዘመንና ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ማወቅ ይፈልጋል። ፋይሉ ከሌለ የሚጎዳው ሻጩ ብቻ አይደለም፤ ሃያ ዓመት ያገለገለው ወፍጮ ነጂም አገልግሎቱን የሚያስረዳበት ያጣል።

በመጨረሻም ነውርን ስለ መግለጥ አንድ ቃል ልናገር። በፍርድ ቤት ያለ ክርክር ወይም ያረጀ መኪና በሻጩ አፍ አስቀድሞ ሲነገር ዋጋን አንድ ጊዜ ይቀንሳል። ገዥው ራሱ ፈልጎ ሲያገኘው ግን ጥርጣሬው ወደ ቀረው መዝገብ ሁሉ ይዛመታል።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ደንበኞቻችን ወደ እኛ የሚመጡት ብዙውን ጊዜ ገዥ በር ላይ ከቆመ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የምንረዳቸው በጥቂቱ ነው። እንግዲህ ከያዝነው ዓመት ጀምሮ የዓመቱን ሒሳብ በዘጋን ቁጥር ለባለቤቱ አንድ ጥያቄ እናቅርብለት፤ «ነገ ገዥ ቢመጣ የትኛውን ወረቀት ታጣለህ?» መልሱን ጽፈን እንያዝ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ከዚያው እንጀምር።