በእቁብ ገንዘብ ማድ ቤትን ስለ ማደስ



ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይና ስለ ረጃጅም ሕንፃዎች ሲነገር መስማት የለመደ ጉባኤ የዛሬውን ርእስ ሲሰማ ፈገግ ቢል አልቀየምም። የምናገረው ሁለት ሜትር ተኩል በሦስት ሜትር ስለሚሆን፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ ስለ ሆነ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ስለሚገኝ አንድ ማድ ቤት ነው። ይሁን እንጂ እሳት፣ ውሃ፣ ጭስና ኤሌክትሪክ በዚህ መጠን ተቀራርበው የሚውሉበት ሌላ ክፍል በቤታችን ውስጥ የለም። መሐንዲስ ግን አልፎ አልፎ እንጀራ ሊበላበት ካልሆነ በቀር አይደርስበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ የሚተዳደሩ አንዲት እናት የእቁብ ዕጣ ወጣላቸውና ማድ ቤታቸውን ለማሳደስ ቆረጡ። የእቁብ ገንዘብ ጠባይ እንደምታውቁት ነው፤ በአንድ ቀን ይመጣል፣ ከዚያ ወዲያ የሚቀረው መክፈል ብቻ ነው። ሥራውም ከአንድ ሳምንት በላይ ሊራዘም አይችልም፤ ምጣዱ በቦዘነ ቁጥር ገቢያቸውም ይቋረጣልና። ልጃቸው ከአንድ ግንበኛ ጋር ተማክሮ ያዘጋጀው ዝርዝር ለአራቱም ግድግዳ ሴራሚክ፣ የችፑድ ቁም ሣጥን፣ ኮርኒስና የመስተዋት መስኮት የሚል ነበር። እኔ የተጠራሁት ዋጋውን እንድመለከት ነው።

ልጁን ልንነቅፈው አይገባም። እናቱ ዕድሜያቸውን በሙሉ በጥላሸት መካከል ቆመው ሳሎኑ ብቻ ሲቀባ ያየ ልጅ፣ ማድ ቤቱ ይመር ቢል ፍቅሩን መግለጹ ነው። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ ጭሱ በየት እንደሚወጣ የሚናገር አንድ ቃል አልነበረም። እናትየውን ብጠይቃቸው፣ «ጭሱንስ ለምጄዋለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። ዓይናቸው ግን አልለመደውም ነበር።

አሮጌው ማድ ቤት፣ ማንም ሳያቅድለት፣ ይተነፍሳል። ቆርቆሮውና ግድግዳው የማይገናኙበት ክፍተት፣ የተሰነጠቀው ምርጊት፣ የማይገጥመው በር፣ ይህ ሁሉ የአየር መግቢያና የጭስ መውጫ ሆኖ ያገለግላል። ኮርኒሱ ሲመታ፣ ስንጥቁ ሲለሰን፣ መስኮቱም በመስተዋት ሲዘጋ ቀዳዳው ሁሉ ይደፈናል፤ እሳቱ ግን እንደ ነበረ ነው። ስለዚህ ክፍሉ ባማረ መጠን በውስጡ የሚሳበው አየር ይከፋል። የእንጨቱ ጭስ ክፉ ቢሆንም ዓይን አቃጥሎ ሰውን ወደ ደጅ ያስወጣል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ስለዚህም ማንንም አያስጠነቅቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ በ2020 እ.ኤ.አ. 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ይገምታል። እንግዲህ ጭስ መውጫ የሌለው እድሳት ከአለመታደስ የባሰ ሊሆን ይችላል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከዚህ በመነሣት ኮርኒሱን ከዝርዝሩ ሰረዝን፤ በእርሱም ገንዘብ ጣራውን ከፈትን። አሠራሩ ቀላል ነው። ኮልሞው ተነሥቶ በቤቱ ርዝመት ሙሉ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል፤ በክፍተቱም ላይ ከአሮጌ ቆርቆሮ የተሠራ ሌላ ትንሽ ጣራ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቆማል። ትንሹ ጣራ በግራና በቀኝ ከክፍተቱ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር አልፎ ካልወረደ የክረምት ዝናብ ከነፋስ ጋር እየገፋ ይገባል። ጭሱ በየትኛውም ወገን ይወጣ ዘንድ ሁለቱም ጎን ክፍት ነው፤ ነፋስ አንዱን ቢዘጋ ሌላው ይቀራልና። ነገር ግን ከላይ መክፈት ብቻውን አይበቃም። ትኩስ አየር ወደ ላይ የሚወጣው ቀዝቃዛው ከሥር ሲተካው ነው። ስለሆነም ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ በእሳቱ አፍ አንጻር፣ ሁለት ብሎኬት የሚያህል ቀዳዳ በሽቦ ወንፊት ተሸፍኖ ተተወ። ግንበኛው ይህን ቀዳዳ ሁለት ጊዜ ደፈነው፤ ሁለት ጊዜም አስከፈትነው። ለግንበኛ ቀዳዳ ማለት ያላለቀ ሥራ ነው።

ከጭሱ ቀጥሎ ጭሱን የሚያመነጨው ምድጃ አለ። በሦስት ጉልቻ ፈንታ ምርጥ ምድጃ አስገባን። ምርጥ ምድጃ፣ ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት፣ በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን የተሠራ፣ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ድቃቂ የሚቀረጽ፣ ምጣዱን ዙሪያውን አቅፎ እሳቱን የሚያስጠልል ነው። እንደ አያያዙ የማገዶውን ወጪ እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። እንጀራ ሸጦ ለሚያድር ቤት ከሴራሚኩ ሁሉ ይልቅ ዋጋውን ቶሎ የሚመልሰው ይህ ነው።

ምድጃው ግን መሬት ላይ አልተቀመጠም። የእኛ መጻሕፍት የማብሰያ ጠረጴዛ ከፍታ ከ85 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ነው ይላሉ፤ መጻሕፍቱ የተጻፉት ግን ረዘም ላለ ሰውና ለአነስተኛ ድስት ነው። ምጣድ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ሊጡ ዙሪያውን ይዞራል፣ አክንባሎው ይነሣል፣ እንጀራው በሰፌድ ይወጣል። ይህን ሁሉ በ90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ የሚሠራ ሰው ትከሻውን ይጨርሳል፤ መሬት ላይ የሚሠራም ወገቡን። እናትየውን ባዶ ጠረጴዛ አጠገብ አቁመን፣ ክርናቸውን አሳጥፈን፣ ከክርናቸው ወደ ታች ለካን፤ የድንጋዩ መደብ የተገነባውም የምጣዱ ፊት 70 ሳንቲ ሜትር ላይ እንዲውል ተደርጎ ነው። በዘመኔ ለብዙ ሥራ ልኬት ወስጃለሁ፤ የሚጠቀምበትን ሰው ራሱን አቁሜ የለካሁበት ግን ጥቂት ነው። መደቡ ሌላም ጥቅም አለው፤ በግቢው ውስጥ የሚድኸው የልጅ ልጅ እሳቱን አይደርስበትም።

ውሃውን በአጭሩ ልናገር። ወለሉ ሊሾ ሆኖ በየሜትሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ወደ በሩ እንዲያዘቀዝቅ ተደረገ። ላቫንዲኖው ከምናለሽ ተራ የተገዛ አሮጌ ነው፤ ምንም አልጎደለውም። አዲስ መገዛት ያለበት ሲፎኑና ቧንቧው ነው፤ ቧንቧውም በየሜትሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ሊወርድ ይገባል። የቧንቧ ውሃ በየቀኑ ስለማይመጣ በርሜሉን በብረት መቆሚያ ላይ ሰቀልነው፤ አንድ ሜትር ከፍታ ጥቂት ግፊት ቢሆንም ለአንድ ቧንቧ ይበቃል። ግቢው ጥቁር ዋልካ አፈር ለሆነ ሰው ግን አንድ ነገር አስጠነቅቃለሁ፤ በዚያ አፈር የማስረጊያ ጉድጓድ መቆፈር ገንዘብ መቅበር ነው። ዋልካ ውሃ አያሰርግም፤ በረጠበ ጊዜ አብጦ፣ በደረቀ ጊዜ ተሰንጥቆ ግድግዳውንም ያናጋል።

ኤሌክትሪኩ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም፤ «መብራቱስ አለ» ተብሎ ነበር። የነበረው ከሳሎኑ ሶኬት በቀጭን ማራዘሚያ የተሳበ ገመድ ሲሆን፣ እንጨት በሚጠፋበት ቀን የኤሌክትሪኩን ምጣድ የሚሸከመው እርሱ ነው። ሒሳቡን ለእናንተ መንገር ድፍረት ይሆናል፤ 3,500 ዋት በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፒየር ያህል ነው፣ ያውም ለሰዓታት ሳይቋረጥ። የሶኬቱ ፊት ቀልጦ ጠቁሯል። ስለዚህ ከቆጣሪው ጀምሮ ለምጣዱ ብቻ የሚሆን ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ የራሱ 20 አምፒየር ብሬከር፣ የመሬት ሽቦና በ30 ሚሊ አምፒየር ፍሳሽ የሚቋረጥ መከላከያ ገባለት። ብሬከር በወደቀ ቁጥር በትልቅ የሚተካ ኤሌክትሪሻን በየሰፈሩ አለ፤ ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን መሆኑን የሚነግረው ስለ ጠፋ ነው።

በመጨረሻ ወደ ሴራሚኩ ደረስን። የሲሚንቶ ልስን በጭቃ ግድግዳ ላይ አይጸናም፤ ጭቃው በእርጥበት ሲያብጥና ሲኮማተር ሲሚንቶው አይከተለውም፣ ተላቅቆም ይወድቃል። ሴራሚኩም ከእርሱ ጋር። ስለዚህ ሴራሚክ የተለጠፈው በላቫንዲኖው ጀርባ፣ በብሎኬት በተገነባ አንድ ሜትር ከፍታ ባለው ግድግዳ ላይ ብቻ ነው። የቀረው ግድግዳ በጭቃ ተመርጎ ኖራ ተቀባ፤ ኖራ ብርሃን ይሰጣል፣ ጥላሸት ሲይዘውም በዓመቱ እንደ ገና ይቀባል። የችፑዱ ቁም ሣጥን በእንፋሎት አብጦ ከሁለት ክረምት አያልፍምና ከምናለሽ ተራ በተገዛ ጣውላና ማዕዘን ብረት መደርደሪያ ተሠራ።

ከእቁቡ ገንዘብ ግማሽ የሚበልጠው ለጣራው ክፍተት፣ ለመደቡ፣ ለቧንቧውና ለሽቦው ወጣ። ሥራው ሲያልቅ ልጁ ዙሪያውን አይቶ፣ «ጋሼ፣ ገንዘቡ የት ገባ?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። የወጣው ጭስ አይታይም፤ ያልቀለጠው ሽቦም አይታይም። እናትየው አልመለሱለትም፤ ምጣዱን እያሰሱ ነበር።

ጉዳዩ የጭቃ ቤት ብቻ አይደለም። የከተማችን የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲሠሩ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለእርድና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን የጋራ ሕንፃ በግቢው እንዲኖር መታሰቡ ጥሩ አስተዋይነት ነው። ሆኖም አራተኛ ፎቅ የምትኖር ሴት ሊጥ ተሸክማ መውረዱን ትታ በረንዳዋን በመስተዋት ዘግታ ከሰል ስታነድ አይቻለሁ። ይህም እድሳት ነው፤ ያለ መሐንዲስ የተደረገ እድሳት።

ማኅበራችን የሚያወጣቸው ንድፎች ግንበኛ ሊያነባቸው የሚችል አይደሉም። የጣራውን ክፍተት፣ የመደቡን ከፍታ፣ የቧንቧውን ቁልቁለትና የምጣዱን መስመር በአንድ ወረቀት ላይ በሥዕል፣ ጽሑፉንም በአማርኛ፣ ልኬቱንም በስንዝርና በሳንቲ ሜትር አድርገን ብናሳትም ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይሆንም። እኔ የመጀመሪያውን ረቂቅ ይዤ መጥቻለሁ፤ በተለይ የትንሹ ጣራ መቆሚያ ከወራጁ ጋር የሚያያዝበትን ቦታ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ባልደረባ ቢያርምልኝ ደስ ይለኛል። ከስብሰባው በኋላ በጓሮው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ።